የኢንጂነር ቢሌ ግራ እግር

ኢንስፔክተር ላዳን ዋይስ፣ ሀርጌሳ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ካለው ኮረብታ ስትደርስ ሬሳው ገና ከጉድጓዱ አልወጣም፤ ፍርዱ ግን ወጥቶ ነበር።

«ሐበሻው ሾፌር ነው የገደላቸው!» ይላል ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰበው ሰው። «መኪናቸውን ይዞ ጠፍቷል!»

ዕለቱ ዓርብ፣ ጊዜው ወደ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የተጠጋ ነበር። የዕረፍት ቀን ስለሆነ በአዲሱ የውሃ ማጠራቀሚያ ግቢ ውስጥ ሠራተኛ አልነበረም። ላዳን የብረቱን መሰላል ይዛ አምስት ሜትር ያህል ወረደችና ከደረቁ የኮንክሪት ወለል ላይ ቆመች። ኢንጂነር ቢሌ ኤልሚ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። በሂና የቀላው ፀጉራቸው ከኋላ በኩል ተፈንክቷል፤ ከጭንቅላታቸው ሥር ያለው ደም ግን አንድ ስኒ እንኳ የሚሞላ አልነበረም። የግራ ሱሪያቸው ወደ ላይ ተሰብስቦ ሰው ሠራሽ እግራቸው ይታያል። በጣቷ ነካ ስታደርገው ተወላገደ።

ሀርጌሳ ውስጥ ያንን እግር የማያውቅ የለም። ቢሌ በሃያ አራት ዓመታቸው ጠመንጃ አንሥተው፣ ከተማዋ በቦምብ ስትፈርስ ከተራራ ወርደው የተዋጉ ሰው ነበሩ። ጦርነቱ አብቅቶ ሌላው ወደ ቤቱ ሲገባ እሳቸው በየውሃ ጉድጓዱ ዙሪያ የተቀበረውን ፈንጂ በእጃቸው ሲለቅሙ ከረሙ። አርባ አንደኛው ጉድጓድ ላይ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ሄደ። ሜዳሊያ ተሸለሙ። ሐረር ተኝተው ሲታከሙ አማርኛን በጆሯቸው ለመዱ፤ ከዚያም ካርቱም ሄደው ምህንድስና ተማሩ። «ጉድጓዱን ከፈንጂ ካጸዳሁት አይቀር ውሃውንም ላውጣለት» ይሉ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ውሃ ሲያወጡ፣ በሥራ ጉዳይ ማንንም ሳይምሩ፣ ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ሲያፈሩ ኖሩ።

ከላይ ስትወጣ የሥራ ተቋራጩ ዱዓሌ ወገቡን ይዞ ጠበቃት። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ምኑን ነው የምትመረምሪው?» አላት። «አንድ እግር ያለው ሽማግሌ በመሰላል ሲወርድ ወደቀ። ካልሆነም ሾፌሩ ገፋው። ሌላ ምን አለው?»

«አንተ በዕረፍት ቀን ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ልለምነው። ማክሰኞ ግድግዳውን አፍርስ ብሎኛል። ስድስት ወር የለፋሁበትን ግድግዳ! በመዶሻ ኳ ኳ ያደርግና ‹ድምፁ አላማረኝም› ይላል። ግድግዳ ዘፋኝ ነው እንዴ?»

«ተጣልታችሁ ነበር ማለት ነው።»

«ከቢሌ ጋር ያልተጣላ ሰው ካለ አምጪና አሳዪኝ።»

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነበር። ሾፌሩ መያዙን፣ ቀብሩ ነገ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በፊት እንደሚፈጸም፣ ሽማግሌዎቹ በሬሳው ላይ ሌላ ቀን እንደማይታገሡ በአንድ ትንፋሽ ነገራትና «ነገሩ ግልጽ ነው፤ አታወሳስቢው» ብሎ ዘጋ።

ላዳን የኢንጂነሩ ቢሮ ወደሆነው ኮንቴይነር ገባች። ከጉድጓዱ አፍ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ኢንጂነሩ ተቀምጠው የሚሰግዱበት ወንበር ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ዞሯል፤ አጠገቡ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ማሰሮ አለ። ማሰሮው ባዶ፣ ወለሉ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እርጥብ ነው። በር ላይ የቆመው የእጅ ጋሪም ታጥቧል። ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ተንጠልጥሏል፤ ተረከዝ የለውም፣ እንደ ከረጢት ነው። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት የኮንክሪት ናሙናዎች በላቦራቶሪ መጭመቂያ ማሽን ተጨፍልቀው ጥንካሬያቸው እንደተረጋገጠ የሚገልጽ ሪፖርት ተከፍቶ ተቀምጧል። ፊርማው የረዳታቸው የኢንጂነር ሀርቢ ነው። ላዳን ካልሲውንና ሪፖርቱን ይዛ ወጣች።

ሾፌሩ ወንድዬ የተያዘው ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር፣ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ፣ በኢንጂነሩ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። የሚሸሽ ሰው ደጅ ላይ አቁሞ ሻይ አያዝም፤ ይህን ልብ ያለ ፖሊስ ግን አልነበረም። ጣቢያ ስትደርስ ከንፈሩ ተሰንጥቆ አገኘችው።

«ስምህ ማን ነው?» አለችው፣ በስደት ድሬዳዋ አድጋ በለመደችው አማርኛ።

ቀና ብሎ አያት። «ወንድዬ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ዛሬ ስሜን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።»

«ኢንጂነሩን ለምን ጥለሃቸው ሄድክ?»

«በር ላይ መኪናው ውስጥ ተኝቼ ስጠብቃቸው ራሳቸው ናቸው ሂድ ያሉኝ።»

«ስልክህ ላይ የሳቸው ጥሪ የለም ብለውኛል።»

«አልደወሉም፤ ጻፉልኝ። እነዚህ የጥሪውን ዝርዝር ብቻ አይተው ‹ውሸታም› እያሉ መቱኝ። አማርኛውን ማን ያንብብላቸው?»

ላዳን ስልኩን አስመጣች። ከኢንጂነር ቢሌ ስልክ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ መልእክት አለ። ‹ወንድዬ፣ መኪናውን ይዘህ ጅግጅጋ ያር ሂድና ጠብቀኝ። እኔ በሌላ መኪና እመጣለሁ።›

«ከዚህ በፊት ጽፈውልህ ያውቃሉ?»

«በጭራሽ! ሁልጊዜ በድምፅ ነው የሚልኩልኝ። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ፊደል አይቆጥሩም። ጅግጅጋ ስንሄድ የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ እኔ ነኝ የማነብላቸው። ገርሞኝ ነበር፤ ሰው አስጽፈው ይሆናል ብዬ ሄድኩ።»

ካልሲውን አወጣችለት። ወንድዬ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«የእግራቸው ነው። ስኳር ስላለባቸው ይህን ሳያጠልቁ እግሩን ካሰሩት ያቆስላቸዋል። ጠዋት ጠዋት የማጠልቅላቸው እኔ ነኝ። ያለሱ አንድ እርምጃ አይራመዱም።»

«ሰኞ ዕለት ስትጮህባቸው የሰሙ አሉ።»

«ጮኼባቸዋለሁ። እሳቸውስ አይጮሁብኝም? ግልፍተኛ ነበሩ። ግን ሰው ነበሩ፤ ማታ ራታቸውን ሳያካፍሉኝ በልተው አያውቁም።»

ላዳን ወደ መስኮቱ አየች። ከጣቢያው በር ላይ ድንጋይ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። «ዛሬ እዚሁ እደር» አለችው። ወንድዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከጣቢያው ወደ ሟቹ ቤት አለፈች። ልጃቸው ናዋል የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ በር ላይ ቆማ አላስገባ አለቻት።

«የአባቴን ሬሳ ሐኪም ቤት ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ? ዛሬውኑ መቀበር ነበረበት። አላህ ይይልሽ!»

«አንድ ጥያቄ ብቻ። አባትሽ ያንን እግር የሚያወልቁት መቼ ነበር?»

«ሲተኛና ሲሰግድ። እሱንም በሩን ቆልፎ። ዘመድ ይሁን ባዳ፣ እዚህ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ጉማጁን አይቶት አያውቅም። እኔ ቁስሉን ሳጥብለት፣ ሾፌሩም ሲያለብሰው እናየዋለን። ‹የሰው እዝነት ከፈንጂ ይብስብኛል› ይል ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን ተቆጣች። «አሁን ሂጂ!»

«አማርኛ ታነቢያለሽ?»

«መስማትም አልሰማ!» ብላ በሩን ዘጋችባት።

ቅዳሜ ማለዳ ሐኪሙ ለላዳን የጠረጠረችውን ነገራት። ሰውየው የሞቱት ከመውደቃቸው በፊት ነው። የመታቸውም ነገር ማዕዘን ያለው ከባድ ነገር ነው። ሰው ሠራሽ እግሩ ደግሞ በባዶ ቆዳ ላይ ታስሯል።

ከሟቹ ቤት ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ጃማዕ የተባሉት ከቢሌ ጋር በአንድ ምሽግ የተዋጉ ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው ከትከሻው ስለተቆረጠ የሸሚዛቸው እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ተይዟል። ላዳን ቀርባ ሰላም ስትላቸው ፊታቸውን አጠቆሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ስንዋጋ ስደተኛ ጣቢያ ዱቄት ስትሰለፊ ነበር። ዛሬ መጥተሽ እኛን ትጠይቂያለሽ?»

«አዎ አዴር» አለቻቸው፣ በሶማሊኛ አጎቴ ብላ፤ «እጠይቃለሁ። ትናንት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ውስጥ እንደነበሩ ያዩዎት ሰዎች ነግረውኛል።»

«ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት አኩርፌዋለሁ፤ ያ ሜዳሊያ ለሁለታችን ይገባ ነበር፣ ለብቻው ተቀበለው። ትናንት ግን ሰው ልኮ ጠራኝ።»

«ምን አሉዎት?»

«‹ኮረብታው ላይ ሌላ ፈንጂ ተቀብሯል፤ ሰኞ ሕዝብ ፊት ስናገር አጠገቤ ቁምልኝ› አለኝ። አርጅተሃል፣ ጦርነቱ ካለቀ ቆየ ብዬ ሰድቤው ወጣሁ።» ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነከሱ። «አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ።»

ረዳቱን ኢንጂነር ሀርቢን ያገኘችው ማጠራቀሚያው ግቢ ነው። የሟቹ የእኅት ልጅ ነው፤ ድሬዳዋ ካያቱ ዘንድ አድጎ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ አጎቱ አስመጥተው አስተማሩት። አሥራ ሁለት ዓመት ከቤታቸው ኖሯል። ላዳንም ድሬዳዋ ማደጓን ሲሰማ ፊቱ ፈካና ወደ አማርኛ ዞረ።

«እኔና አንቺማ የአንድ ውሃ ልጆች ነን! ተይ እባክሽ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች አጉል እያደከሙሽ ነው።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ከጁምዓ በኋላ ብቅ ብዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ። አጎቴ ልወርድና ግድግዳውን ልይ ሲል ነበር። አይሆንም አልኩት፤ ማንን ይሰማል!»

«የኮንክሪት ናሙናዎቹስ?»

«ከተሠሩ በሃያ ስምንተኛው ቀን ላቦራቶሪ ተሰብረዋል፤ ሪፖርቱን አይተሽ የለ?» ማስታወሻ ደብተሯን ተቀበለና የስልክ ቁጥሩን ጻፈላት። ከሥሩም ባማረ የእጅ ጽሑፍ ስሙን አኖረ፦ ሀርቢ። «ማንኛውም ነገር ከፈለግሽ ደውይልኝ።»

«አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ናሙናዎቹ ከመሰበራቸው በፊት የት ነበር የሚቀመጡት?»

የሀርቢ ፈገግታ ጠፋ። «ምንሽ ነው? መሐንዲስ ነሽ?» አላትና ጀርባውን ሰጣት።

ላዳን ራሷ ፈለገችው። ከኮንቴይነሩ ጀርባ በሸራ የተሸፈነ የውሃ ገንዳ አለ። ሸራውን ስትገልጠው አሥራ ሁለት የኮንክሪት ኩቦች ውሃ ውስጥ ተደርድረዋል፤ አንዱም አልተሰበረም። አሥራ አንዱ የተጻፈባቸው ቁጥር ወደ ላይ ነው። አንዱ ተገልብጧል። በጓንት አወጣችው፤ ቁጥሩ ሰባት ነው። ማዕዘኑ ላይ፣ የኮንክሪቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ በሂና የቀላ አንድ የፀጉር ዘለላ ተጣብቋል።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ዱዓሌን፣ ጃማዕን፣ ሀርቢንና ናዋልን ጉድጓዱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ወንድዬ በካቴና ታስሮ ሲመጣ ዱዓሌ መሬት ላይ ምራቁን ተፋ።

«ይሄው ገዳዩ! እኛ ለምን ተጠራን?»

«ቀብሩ እየዘገየ ነው» አሉ ጃማዕ። «በአጭሩ ተናገሪ።»

«በአጭሩ እናገራለሁ» አለች ላዳን። «ኢንጂነር ቢሌ የሞቱት ጉድጓዱ ውስጥ አይደለም። ከጭንቅላታቸው ሥር ያለው ደም አንድ ስኒ እንኳ አይሞላም። የቢሮው ወለል ግን በዕረፍት ቀን፣ ጽዳት ሠራተኛ በሌለበት፣ በውዱእ ውሃ ታጥቧል። የተገደሉት ቢሮው ውስጥ፣ የዐስርን፣ የከሰዓት በኋላውን ሶላት ሊሰግዱ እግራቸውን አውልቀው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ ከኋላቸው ተመትተው ነው። ከዚያ በእጅ ጋሪ ተጭነው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ተጣሉ።»

ናዋል ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«አንድ እግር የሌለው ሰው መሰላል ወረደ ቢባል ማንም አያምንም። ስለዚህ ገዳዩ ሰው ሠራሽ እግሩን መልሶ አሰረላቸው። ግን ካልሲው ወንበሩ ላይ ቀረ።» ካልሲውን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይህ ካልሲ እንደሚያስፈልግ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ናዋልና ወንድዬ። እነሱ ቢሆኑ ኖሮ ባልረሱት ነበር። ወንድዬ ሁለት ዓመት በየቀኑ ያጠለቀው ነገር ነው።»

«ሆን ብሎ ትቶት ቢሆንስ?» አለ ዱዓሌ።

«ሆን ብሎ የሚተወው ሰው አደጋ መሆኑ ቀርቶ ግድያ መሆኑ እንዲታወቅ የሚፈልግ ነው። አደጋ ቢባል የሚጠቀመው እሱ፣ ግድያ ቢባል መጀመሪያ የሚያዘው እሱ። ለምን ይተወዋል?»

ላዳን ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አዴር ጃማዕ በአንድ እጃቸው ሬሳ ጋሪ ላይ ጭነው፣ ቀበቶ አጥብቀው ማሰር አይችሉም። ሁለት ሰው ቀረ። ገዳዩ በሩ ላይ የቆመውን ሾፌር ማራቅ ነበረበት፤ በሟቹ ስልክ ይህን ላከ።» የወንድዬን ስልክ ለዱዓሌ ሰጠችው። «አንብብልኝ።»

ዱዓሌ ስልኩን አገላብጦ አየና በቁጣ መለሰላት። «ይሄ የሐበሻ ጽሑፍ ነው፤ እኔ ምን አውቄ!»

«ኢንጂነር ቢሌም አያውቁትም ነበር። አማርኛ የለመዱት በጆሯቸው ነው። እዚህ ካሉት ሰዎች፣ ካልሲውን የማያውቅ፣ ፊደሉን ግን የሚያውቅ፣ ሁለት እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «ዛሬ ጠዋት በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ ፊደል ስሙን ጽፎልኛል።»

ሁሉም ወደ ሀርቢ ዞሩ።

«ፊደል መቁጠር ወንጀል ሆነ?» አለ ሀርቢ። «አንቺስ ትጽፊ የለ? በዚህች ከተማ ስንት ሰው ነው ኢትዮጵያ የተማረው!»

«ብዙ ነው። ግን የብዙዎቹ ፊርማ የውሸት ሪፖርት ላይ የለም። አሥራ ሁለት ናሙና ተሰበረ ብለህ ፈርመሃል። አሥራ ሁለቱም ገንዳው ውስጥ ናቸው። አንድም ቀን ላቦራቶሪ አልሄዱም። አጎትህ ትናንት ሸራውን ገልጠው አገኟቸው። ‹ኮረብታው ላይ ፈንጂ ተቀብሯል› ያሉትም ይህንን ነው፤ ግድግዳው ደካማ ነው፣ ውሃ ሲሞላ ከሥሩ ያለው ሰፈር ላይ ይናዳል። ሰኞ ሕዝብ ፊት ሊናገሩ ነበር። ሰባተኛው ኩብ ላይ ያለው ፀጉር የማን እንደሆነ ሐኪሙ ይነግረናል።»

ሀርቢ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት። ለመታገል አልሞከረም፤ ጩኸቱን ግን ለቀቀው።

«ሰባት ቀን ብቻ ለመንኩት! ልክ አስገባዋለሁ፣ አስመረምረዋለሁ አልኩት። ‹ሕዝብ ፊት ስምህን እጠራለሁ፣ ሁለተኛ መሐንዲስ እንዳትባል› አለኝ። የገዛ እኅቱን ልጅ! ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እኔ እንደሌለሁ ቆጥሮ፣ አላሁ አክበር አለ።»

«እየሰገደ?» አለች ናዋል። «እየሰገደ ሳለ መታኸው?»

ቀርባም በጥፊ መታችው፣ እጇም እስኪያማት ድረስ መታችው። የሚያስቆማት አልተገኘም።

ወንድዬን ሲፈቱት ይቅርታ ያለው ሰው አልነበረም። ዱዓሌ ዓይኑን ሸሽቶ ወደ ላዳን ተጠጋ።

«ገዳዩን ይዘሻል፤ ይበቃል። የናሙናውን ነገር ግን ከወረቀትሽ አውጪው። ሕዝቡ ስድስት ዓመት ውሃ ሲጠብቅ ኖሯል። ይፈርሳል ብትያቸው እኔንም አንቺንም ይወግሩናል።»

«ሟቹ የሞቱት ምን ሊናገሩ ሲሉ ነው?» አለችው።

«ሞተዋላ!» አለ ዱዓሌ።

ጃማዕ በግራ እጃቸው በትራቸውን አንሥተው ወደ ግቢው በር ሄዱ። ከደጁ ለቀብር የተሰበሰበው ሕዝብ ሞልቷል። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ወጥተው ሁሉንም ተናገሩ፤ ማን እንደገደለ፣ ለምን እንደገደለ፣ ግድግዳው መፍረስ እንዳለበት። ቀጥሎ አንዲት ሴት ባዶ ጀሪካኗን ወርውራ «ሞቶም ውሃችንን ከለከለን!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ሌላው ጮኸ፣ ድንጋይ በረረ። ጃማዕ ግንባራቸው ደማ። ከድንጋዩ ግን አልወረዱም፤ የተናገሩትን ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት።

ኢንጂነር ቢሌ ከዙህር በኋላ ተቀበሩ። በሳምንቱ ናሙናዎቹ ሌላ ቦታ ተወስደው ሲመረመሩ ከሚፈለገው ጥንካሬ ግማሹን እንኳ አልደረሱም። ግድግዳው ፈረሰ። የሰፈሩ ሰው ለሌላ አንድ ዓመት ውሃ በአህያ ጋሪ እየገዛ ጃማዕን ሲረግም፣ ናዋልን ሲረግም፣ ላዳንንም ሲረግም ከረመ። ሀርቢ ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት።

ወንድዬ ግን ግድግዳው ሲፈርስ አልነበረም። ናዋል እንዲቆይ ለምናው ነበር፤ እንቢ አለ። ወደ ድንበር በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈር ላዳን ልትሸኘው መጣች። ከንፈሩ ገና አልዳነም። እጇን ዘረጋችለት፤ አልጨበጣትም።

«ገዳዩን አግኝተሻል፣ ትክክል ነሽ» አላት፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ትቶታል። «እኔን ለማመን ግን ስንት ማስረጃ ነው የሰበሰብሽው? እነሱ እኔን ለመጥላት አንድም አላስፈለጋቸውም።»

የሚኒባሱ ረዳት በሩን ዘጋ፤ ሚኒባሱ አቧራውን እያስነሣ ወደ ምዕራብ ሄደ።